ትክል ምት፦ በአንድ ኳስ መቺ ክብረ ወሰን ዙሪያ የተነሣ የስያሜ ጥያቄ

ለአስተያየት ከደረሱን የስፖርት ትርጉም ረቂቆች በአንደኛው ውስጥ የሚከተለውን ዓረፍተ ነገር አገኘን፤ «ቶኒ ፍራንክሊን የተባለው የኮሌጅ እግር ኳስ ተጫዋች በ1976 በባዶ እግሩ ከ65 ያርድ የሜዳ ጎል በማግባት የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ»። ዓረፍተ ነገሩ በሰዋስው ረገድ እንከን የለበትም። አማርኛ አንባቢም ሲያነበው አንድም ቃል አያደናቅፈውም። ችግሩ የሚጀምረው ከዚሁ ነው። አንባቢው እያንዳንዱን ቃል ስለሚያውቀው በልቡ አንድ ሥዕል ይሥላል፤ ይኸውም አንድ ተማሪ ሁለቱንም እግሮቹን ሳይጫማ ከመሐል ሜዳ ገደማ ክብ ኳስ ሲመታና ኳሱ በረኛውን አልፎ ከመረብ ሲያርፍ ነው። በዕለቱ ግን በረኛም፣ ክብ ኳስም፣ ሁለት ባዶ እግርም አልነበረም። «የዓለም» የሚለውም ቅጽል ቢሆን፣ ከዚህ በታች እንደምናየው፣ ከያዘው ቦታ መነሣት የሚገባው ነው።

እንግዳ ቃል ተርጓሚን ያስጠነቅቀዋል፤ የለመደው ቃል ግን ያዘናጋዋል። ስለዚህ ይህንኑ ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል እየፈታን፣ የሰውየውን የተጫዋችነት ዘመንና በዙሪያው ያሉትን ሙያዊ ቃላት አብረን ለመመርመር ወደድን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የሆነው ነገር እንዲህ ነው። ኦክቶበር 16 ቀን 1976 በቴክሳስ ግዛት በዌኮ ከተማ የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ቡድን ከቤይለር ዩኒቨርሲቲ ጋር ተጋጠመ። የኤ ኤንድ ኤም ኳስ መቺ ቶኒ ፍራንክሊን በዚያው አንድ ጨዋታ ሁለት ጊዜ፣ አንዱን ከ64፣ ሌላውን ከ65 ያርድ መትቶ አስቆጠረ። በዚያን ጊዜ የታላላቆቹ ኮሌጆች ውድድር በሚመራበት በኤን ሲ ኤ ኤ መዝገብ ከ65 ያርድ የሚበልጥ አልነበረም። በዚያኑ ዕለት፣ በዚያው በቴክሳስ ግዛት፣ በአቢሊን ከተማ ደግሞ ኦቬ ዮሃንሶን የተባለ ስዊድናዊ ተማሪ ለአቢሊን ክርስቲያን ተሰልፎ በኢስት ቴክሳስ ስቴት ላይ ከ69 ያርድ አስቆጠረ። አንድ ቀን፣ አንድ ግዛት፣ ሁለት የክብረ ወሰን ባለቤቶች! ረቂቁን ያዘጋጀው ተርጓሚ ሁለተኛውን ሰው አላወቀውም፤ ቢያውቀው ኖሮ «ክብረ ወሰን» ከሚለው ቃል ላይ ቆም ባለ ነበር።

በመጀመሪያ የጨዋታውን ስም እንመልከት። «እግር ኳስ» በአማርኛ ከሁለት ስሞች የተጣመረና ትርጉሙ ከላዩ የሚነበብ ስያሜ ነው፤ ኳሱ በእግር ይመታል፣ በእጅም መንካት ያስቀጣል። አሜሪካኖቹ በዚሁ ስም የሚጠሩት ጨዋታ ግን አብዛኛው በእጅ የሚያዝ፣ የሚወረወርና ታቅፎ የሚሮጥበት ነው። «የአሜሪካ እግር ኳስ» ብንል ደግሞ ሌላ መዘዝ ይመጣል፤ አሜሪካ በዓለም ዋንጫ የሚሰለፍ የእግር ኳስ ቡድን ስላላት ሐረጉ አስቀድሞ ተይዟል። በአሜሪካ የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች፣ ይልቁንም እዚያ ያደጉት ልጆቻቸው፣ ችግሩን በራሳቸው መንገድ ፈትተውታል፤ አንዱን «ፉትቦል»፣ ሌላውን «ሶከር» ይሉታል። እኛም ለመጀመሪያው «የአሜሪካ ፉትቦል» የሚለውን የውሰት ስያሜ እንመርጣለን። «እግር ኳስ» ግን በነበረበት ይቆያል። አማርኛ በሚገባ የሰየመውን ነገር ለሌላ እንግዳ ሲባል «ሶከር» ብሎ መጥራት አያስፈልግም።

ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ምቱ እንግባ። በአሜሪካ ፉትቦል ኳስ በእግር የሚመታባቸው መንገዶች በመሠረቱ ሦስት ናቸው። አንደኛው ኳሱ ከእጅ ተለቆ መሬት ሳይነካ የሚመታበት ነው፤ ይህ ቦታ ለማስለቀቅ እንጂ ነጥብ ለማግኘት አይደለም። ሁለተኛው ኳሱ መሬት ነክቶ ሲነጥር የሚመታበት ነው፤ «የነጠር ምት» ልንለው እንችላለን። በ1930ዎቹ ኳሱ ይበልጥ ሾጣጣ እንዲሆን ከተደረገ ወዲህ አነጣጠሩ ስለማይታመን ከጥቅም ውጭ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሦስተኛው የፍራንክሊን ሙያ ነው። አንድ ተጫዋች ጎንበስ ብሎ ኳሱን በእግሮቹ መሐል ወደ ኋላ ይወረውራል፤ ሰባት ያርድ ያህል ወደ ኋላ ራቅ ብሎ የተንበረከከ ሌላ ተጫዋች ይቀልበዋል፤ ኳሱን በአንድ ጫፉ መሬት ላይ ያቆመዋል፤ የላይኛውን ጫፍ በጣቱ ይዞ የኳሱን ስፌት ከመቺው አቅጣጫ ያዞርለታል፤ መቺውም ተንደርድሮ ይመታል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ከአንድ ሰከንድ ተኩል ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሲሆን ተጋጣሚዎቹ በሙሉ ኃይላቸው እየሮጡበት ነው።

ለዚህ ምት «የቆመ ኳስ ምት» የሚል ስያሜ ከባልደረቦቻችን ቀርቦልን ነበር። መልኩ ያማረ ነው፤ ነገር ግን የእግር ኳስ ዘጋቢዎቻችን «የቆመ ኳስ» የሚሉት ጨዋታው ተቋርጦ የሚመታውን ቅጣት ምትና የማዕዘን ምት ነው። በዚያ አጠቃቀም «የቆመ» ማለት «የማይንቀሳቀስ» ማለት ሲሆን እዚህ የሚፈለገው ግን «በጫፉ ቀጥ ብሎ የቆመ» የሚለው ነው። አማርኛ ለሁለተኛው ትርጉም ሌላ ግሥ አለው፤ ተከለ። ምሰሶ ይተከላል፤ ድንኳን ይተከላል፤ በጢያ የሚገኙትን የመሰሉ ጥንታዊ ቋሚ ድንጋዮችንም «ትክል ድንጋይ» እንላቸዋለን። ክብ ኳስ አይተከልም፤ ይቀመጣል እንጂ። ሁለት ጫፍ ያለው ሞላላ ኳስ ግን ይተከላል። ስለዚህ ኳሱን «ትክል ኳስ»፣ ምቱን «ትክል ምት»፣ የሙያውን ባለቤት «ትክል መቺ» ብለን እንድንሰይም ሐሳብ እናቀርባለን።

የዚህ ስያሜ ሌላው ጥቅሙ ዘሩ ለም መሆኑ ነው። ተንበርክኮ የሚያቆመው ሰው «ተካይ» ይሆናል፤ ገደለ ገዳይ፣ ከፈለ ከፋይ እንደሚለው ሁሉ። ከኳሱ ሥር የሚደረገው አነስተኛ የጎማ ማስቀመጫ «መትከያ» ይባላል። ከመካከላችን አንዱ ለዚህ ዕቃ «ጉልቻ» የሚለውን ቃል አቅርቦ ብዙ አሥቆናል። ሐሳቡ የዋዛ ብቻ አልነበረም፤ ጉልቻም እንደዚሁ ዕቃ ከፍ አድርጎ የሚያስቀምጥ ነው። ሆኖም ጉልቻ ሦስት ነውና፣ ከእሳትም አይለይምና፣ «መትከያ» ይሻላል ብለን አለፍነው። ይህ ትንሽ ዕቃ በክብረ ወሰኑ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ ስላለው ተመልሰን እንመጣበታለን።

«የሜዳ ጎል» የሚለው ሐረግ በእንግሊዝኛው መልክ ተቀርጾ የወጣ ነው። በአማርኛ ግን «የሜዳ» የሚለው ዘርፍ ምንን ከምን ይለያል? ጎል ሁሉ ከሜዳ አይደለምን? በመነሻው ቋንቋ ይህ ቃል የገባበት ምክንያት ታሪካዊ ነው። ጨዋታው ከራግቢ ሲወለድ ግብ በሁለት መንገድ ይገኝ ነበር፤ አንዱ ታችዳውን ካስቆጠሩ በኋላ በሚሰጥ ምት፣ ሌላው በቀጥታ ከጨዋታው መካከል፣ ማለትም «ከሜዳው» በሚመታ ምት። «የሜዳ» የተባለው ሁለተኛው ከመጀመሪያው እንዲለይ ነው። ዋጋውም እንደ ዛሬው ሦስት ነጥብ አልነበረም። በ1883 የወጣው የነጥብ ሥርዓት ለሜዳው ምት አምስት፣ ለታችዳውን ግን ሁለት ብቻ ይሰጥ ነበር። በ1904 ምቱ ወደ አራት፣ በ1909 ወደ ሦስት ወረደ፤ በ1912 ደግሞ ታችዳውን ወደ ስድስት ወጣ። በሌላ አነጋገር ጨዋታው በመጀመሪያ ላይ በስሙ እንደተጠራው የእግር ጨዋታ ነበር፤ ቀስ በቀስ ነው ወደ እጅ የዞረው። ስሙ ያረጀ ትርጉም ተሸክሞ መቅረቱን ለሚመረምር ሰው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

«ጎል» ወይም «ግብ» የሚለው ቃልስ? በእግር ኳስ ኳሱ ከአግዳሚው በታች መግባት አለበት፤ በላይ ካለፈ «ወደ ውጭ ወጣ» እንላለን። በዚህ ጨዋታ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። አግዳሚው ከመሬት 10 ጫማ፣ ማለትም 3 ሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ኳሱም በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ከአግዳሚው በላይ ማለፍ ይኖርበታል። ስለዚህ ተርጓሚው «አገባ» የሚለውን ግሥ ባይጠቀም መልካም ነው፤ «አስቆጠረ» ይበቃል። ለስሙ «የምት ግብ» የሚለውን እናቀርባለን። ሙሉ በሙሉ ረክተንበታል ለማለት አንደፍርም፤ ከታችዳውን በኋላ የሚገኘው አንድ ነጥብም በምት ነውና። ይሁንና ያኛው «ተጨማሪ ነጥብ» በሚል ስያሜ ከተለየ አሻሚነቱ ይወገዳል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንለፍ። «ከ65 ያርድ» የሚለው ከየት እስከ የት ነው? ይህን ያልጠየቀ ተርጓሚ የጨዋታውን ዘገባ ሲያነብ መደናገሩ አይቀርም፤ ዘገባው ኳሱ የነበረው ከግብ መስመር 48 ያርድ ላይ ነው ይለዋልና። ሁለቱም ልክ ናቸው። ሁለቱ ቡድኖች የሚፋጠጡበት መስመር፣ «የፍጥጫ መስመር» እንበለው፣ ከግብ መስመሩ 48 ያርድ ርቆ ነበር። ተካዩ ከዚያ 7 ያርድ ወደ ኋላ ይንበረከካል። ቋሚዎቹ ደግሞ በግብ መስመሩ ላይ ሳይሆን ከእሱ 10 ያርድ ወዲያ በሚገኘው የዳር መስመር ላይ ናቸው፤ በኮሌጆች ውድድር ከ1927 ጀምሮ እንዲህ ነው። 48፣ 7 እና 10 ሲደመሩ 65 ይሆናሉ። ስለዚህ ቁጥሩ ኳሱ ከተመታበት ነጥብ አንሥቶ እስከ ቋሚዎቹ ያለውን እንጂ ኳሱ በአየር ላይ የሄደውን ርቀት አይለካም። «65 ያርድ የተጓዘ ምት» የሚለው አተረጓጎም ከዚህ የተነሣ ስሕተት ነው፤ ኳሱ ቋሚዎቹን አልፎ ምን ያህል እንደሄደ የሚመዘግብ የለም።

ያርዱን ወደ ሜትር መለወጥስ? 65 ያርድ 59.436 ሜትር ነው፤ እንዲህ ብሎ የጻፈ ግን ዋሽቷል ባንልም አሳስቷል። በጨዋታው የሚመዘገበው ሙሉ ያርድ ብቻ ስለሆነ ሦስት የነጥብ ቤቶች ያልተለካውን የተለካ ያስመስላሉ። «65 ያርድ (59 ሜትር ያህል)» ይበቃል። በመዝገብ ላይ የሚቀመጠው ግን ምንጊዜም ያርዱ ነው።

«ክብረ ወሰን» የሚለው ስያሜ በአማርኛ ከተፈጠሩት የስፖርት ቃላት ሁሉ የተሳካ ነው ብለን እናምናለን። ወሰን ዳር ድንበር ነው፤ ክብረ ወሰንም ሰው የደረሰበት የክብር ድንበር። ከእሱ ጋር የሚሄደው «ሰበረ» ግን ከባዕድ የተገለበጠ ይመስላል፤ ወሰን ይገፋል፣ ይጣሳል እንጂ አይሰበርም። ልማዱ ስላጸደቀው አንከራከርም፤ «አሻሻለ» የሚለው አማራጭ መኖሩን ብቻ እናስታውሳለን። ይልቅ ልናሳስበው የምንወደው፣ ወሰን ሁልጊዜ የአንድ መሬት ወሰን መሆኑን ነው። መሬቱ ካልተነገረ ወሰኑ ትርጉም የለውም።

የኦክቶበር 16 ሁለት ሰዎች ለዚህ ማስረጃ ናቸው። ፍራንክሊን በኤን ሲ ኤ ኤ ታላላቅ ኮሌጆች መዝገብ የበላይ ሆነ። አቢሊን ክርስቲያን ግን በዚያን ጊዜ የሌላ ማኅበር፣ የኤን ኤ አይ ኤ አባል ስለ ነበረ የዮሃንሶን 69 ያርድ በዚያኛው መዝገብ አልሰፈረም። ሁለቱም «ክብረ ወሰን» ናቸው፤ የሁለት መሬት ወሰኖች። ደመወዝ የሚከፈላቸው ተጫዋቾች ሊግ ደግሞ የራሱ ሦስተኛ መሬት አለው፤ በ1976 በዚያ የነበረው ወሰን ቶም ዴምፕሲ በ1970 ያስመዘገበው 63 ያርድ ነበር። እንግዲህ ሁለት ተማሪዎች በአንድ ቀን ከባለሙያዎቹ በልጠው ተገኙ ማለት ነው።

በልጠው ነበርን? እዚህ ላይ መትከያው ይመጣል። በኮሌጆቹ ሕግ ኳሱን በመትከያ ላይ አቁሞ መምታት ይፈቀድ ነበር፤ በባለሙያዎቹ ሊግ ግን ኳሱ በሣሩ ላይ ይተከላል። ከዚህም ሌላ የኮሌጆቹ ቋሚዎች ከ1959 ጀምሮ በመካከላቸው 23 ጫማ ከ4 ኢንች (7.11 ሜትር) ይራራቁ ነበር፤ የባለሙያዎቹ 18 ጫማ ከ6 ኢንች (5.64 ሜትር) ብቻ ነው። ነፋስም አለ። በሩጫና በርዝመት ዝላይ ከኋላ የሚነፍሰው ነፋስ በሰከንድ ከ2 ሜትር ከበለጠ ውጤቱ በክብረ ወሰንነት አይጸድቅም፤ በፉትቦል ግን እንዲህ ያለ ደንብ የለም።

የፍራንክሊን ወሰን አንድ ዓመት እንኳ አልሞላም። ኦክቶበር 1 ቀን 1977 የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ረስል ኤርክስሌበን በራይስ ላይ ከ67 ያርድ አስቆጠረ። በሁለት ሳምንቱ የአርካንሳው ስቲቭ ሊትል በዚሁ በኤርክስሌበን ቡድን ላይ በዚያው በ67 ያርድ ተስተካከለው። በ1978 የዊቺታ ስቴቱ ጆ ዊልያምስ ሦስተኛ ሆኖ ተጨመረ። ከዚያ በኋላ ሕጉ ተለወጠ፤ በ1989 መትከያው ተከለከለ፣ በ1991 ቋሚዎቹ ወደ 18 ጫማ ከ6 ኢንች ጠበቡ። ስለሆነም እነዚያ ሦስት 67ቶች የተመዘገቡበት መሬት ራሱ ዛሬ የለም።

በ1998 በአርጀንቲና የተወለደው የካንሳስ ስቴቱ ማርቲን ግራማቲካ ያለ መትከያ፣ በጠባቦቹ ቋሚዎች መካከል፣ ከ65 ያርድ አስቆጠረ። ፍራንክሊን 65፣ ግራማቲካም 65። በሠንጠረዥ ላይ ጎን ለጎን ቢጻፉ አንድ ናቸው፤ የሚሉት ነገር ግን አንድ አይደለም። የመዝገበ ቃላት ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ በፊደል አንድ ሆነው በፍቺ የሚለያዩ ቃላት የዕለት እንጀራው ናቸውና። ሁለት ፍቺ ያለውን ቃል በቁጥር ለይቶ እንደሚያስቀምጥ ሁሉ፣ ተርጓሚውም ለሁለቱ 65ቶች መለያ ሊሰጣቸው ይገባል፤ «ባለ መትከያ» እና «ያለ መትከያ»። በባለሙያዎቹ ሊግ ጀስቲን ተከር በ2021 ያስቆጠረው 66 ያርድ፣ ካም ሊትልም በ2025 ያስቆጠረው 68 ያርድ ሁለቱም ከሁለተኛው ወገን ናቸው። «የዓለም ክብረ ወሰን» የሚለው አገላለጽ ይህን ሁሉ ጨፍልቆ የሚያስቀር ስለሆነ መተው አለበት።

«በባዶ እግሩ» የሚለውን በአጭሩ እንይ። ፍራንክሊን ጫማ የማያደርገው ለሚመታበት እግር ብቻ ነበር፤ ሌላው እግሩ እንደማንኛውም ተጫዋች ተጫምቷል። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ግን «ባዶ እግሩን» የሚል ቃል ሲሰማ ወዲያው አበበ ቢቂላና የ1960ው ሮማ በዓይኑ ይመጣሉ፤ ወይም ደግሞ ድህነት። የፍራንክሊን ባዶ እግር የአመታት ስልት እንጂ የጽናትም የማጣትም ምልክት አይደለም። ተርጓሚው አንድ ተጨማሪ ሐረግ ከማስገባት የሚያመልጥበት መንገድ የለም።

የአመታት ስልቱም ቢሆን መጠቀስ ያለበት ነው። የቀደሙት መቺዎች፣ ዴምፕሲም ጭምር፣ ፊት ለፊት ሮጠው በጫማቸው ጫፍ ይመቱ ነበር። በጎን ተንደርድሮ በእግር ጀርባ መምታትን ያስለመደው ከሃንጋሪ የመጣው ፒት ጎጎላክ ነው፤ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጀምሮ በ1964 ወደ ባለሙያዎቹ ሊግ አስገባው። አሜሪካኖቹ ይህን ስልት የሚጠሩት በሶከር ስም ነው። ስለዚህ በዚህ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተርጓሚው ያለ ሥጋት «በእግር ኳስ ስልት መታ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል።

በመጨረሻም የሰውየው ዘመን። እንግሊዝኛው ለአራት የኮሌጅ ዓመታትም፣ ለአሥር የባለሙያነት ዓመታትም አንድ ቃል ይጠቀማል። በአማርኛ «የሙያ ዘመን» ብንል ተማሪውን እንጀራ ፈላጊ እናደርገዋለን፤ «የተጫዋችነት ዘመን» ለሁለቱም ይስማማል። የፍራንክሊን የኮሌጅ ተጫዋችነት ዘመን በ1978 አበቃ። በ1979 ፊላደልፊያ ኢግልስ በሦስተኛው ዙር መረጠው፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ በዳላስ ከ59 ያርድ አስቆጠረ፤ በ1986 ለኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ ሲጫወት በአንድ የውድድር ዘመን 140 ነጥብ አስመዘገበ። ዮሃንሶንም ቀደም ብሎ በ1977 ለዚያው ለፊላደልፊያ ተሰልፎ ነበር፤ ሁለት ጨዋታ ብቻ። የ69 ያርዱ ሰው ሁለት ጨዋታ፣ የ65 ያርዱ ሰው አሥር ዓመት!

እንግዲህ ረቂቁ ዓረፍተ ነገር እንደሚከተለው ቢታረም እንወዳለን፤ «የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲው ትክል መቺ ቶኒ ፍራንክሊን ኦክቶበር 16 ቀን 1976 ቤይለር ላይ ባለ መትከያ የ65 ያርድ የምት ግብ በማስቆጠር በአሜሪካ ፉትቦል የኤን ሲ ኤ ኤን ክብረ ወሰን አሻሻለ፤ ለሚመታበት እግሩ ጫማ አያደርግም ነበር»። ረዝሟል፤ ነገር ግን ከዚህ ማሳጠር አልቻልንም።

ከእጅ ተለቆ ለሚመታው ኳስ የተስማማንበት ስያሜ እስካሁን የለም። «ልቅ ምት» ተብሎ ቀርቦ ነበር፤ «ልቅ» የሚለው ቃል ዛሬ ከያዘው የሥነ ምግባር ትርጉም የተነሣ አልተቀበልነውም። «ልቀት» የሚለውም ከላቀ የሚወጣውን በፊደል ስለሚመስል ለመጥፎ መቺ ምስጋና ይሆንበታል። የአንባብያንን ሐሳብ እንጠብቃለን።